እንቅብ ሙሉ ብር

ትርንጎ ሁለተኛውን ግጥም ስታነሣ አቶ አዳነ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ከድንኳኑ ገቡ። ውጭ የነሐሴ ዝናብ ሸራውን ይደበድበዋል። የእድሩ አግዳሚዎች ከዳር እስከ ዳር ሞልተዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሌላ ወገን ተቀምጠዋል። ትርንጎ በመካከል ቆማ የሟቿን የበዓል ቀሚስ በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ይዛለች። እሷ ስታለቅስ ልበ ደንዳና ነኝ ያለ ሰው እንኳ መሐረብ ሲፈልግ ይገኛል፤ በአዘዞም በጎንደርም በየለቅሶው የምትጠራው ለዚሁ ነው።

እንቅብ ሙሉ ብር ነው በቀን የምትሠራ፣
ያዘዞዋ ጌታ የትነበርሽ አውራ።

ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ተቀበሏት። ከወንዶቹ ወገን የተቀመጠው የሻው ግን የሰማው ልቅሶ ሳይሆን ቁጥር ነበር። እንቅብ ሙሉ ብር፣ ያውም በቀን! አልቃሽ መቼም ሚዛን ይዞ አያለቅስም። ሁለት በሬ ጠምዶ የኖረ ገበሬ ሲሞት የመቶ በሬ ጌታ ይባላል፤ ድመት የሚፈራውም አንበሳ ገዳይ ይሆናል። ይህን የማያውቅ የሀገሬው ልጅ የለም፤ የሻውም ያውቃል። ዛሬ ግን ዐይኑ ወደ አቶ አዳነ ሄደ።

ሟቿ የአባቱ እህት ናት። አዘዞ ውስጥ ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረቻት። ባለፈው ሐምሌ፣ ነጋዴው ሁሉ የዓመት ገቢውን ለግብር የሚያስታውቅበት ጊዜ ሲደርስ፣ የዩኒቨርሲቲው የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች አቅም ለሌላቸው ትንንሽ ነጋዴዎች ቅጹን በነፃ ሲሞሉ ከርመው ነበር። የየትነበርሽን ቅጽ የሞላው የሻው ነው። በቀን ይህን ያህል ትሸጣለች ብሎ የጻፈውም ጥቂት፣ በጣም ጥቂት ነው። ከግርጌው የረዳው ተማሪ ስም ስለሚሰፍር ስሙም እዚያው አለ። ያንን ቅጽ የሚመረምሩት፣ በጎ ፈቃደኞቹንም ሲቆጣጠሩ የከረሙት ሰው ደግሞ አሁን እርጥብ ጃንጥላቸውን የሚያስቀምጡበት ቦታ የሚፈልጉት አቶ አዳነ ናቸው።

ተነሣ። ጎንበስ ብሎ በሴቶቹ መካከል አልፎ ወደ ትርንጎ ጆሮ ተጠጋ።

«እማማ ትርንጎ፣ የብሩን ነገር ይተዉት። እንዲያውም ሙሾው ይብቃ።»

ትርንጎ ቀሚሱን ከፍ እንዳደረገች ዞር ብላ አየችው። «ማነው ይብቃ ያለው?»

«ቤተሰቡ» አለ።

ቤተሰቡ ምንም አላለም ነበር። የሟቿ አንድያ ልጅ ሰብለ ወንጌል ጓዳ ውስጥ ራሷን ስታ ሴቶች ውሃ እየረጩባት ነበር፤ የየሻው አባት ደግሞ ከሀገር ቤት፣ ከድብ ባሕር፣ ገና አልደረሰም። ትርንጎ ቀሚሱን በጥንቃቄ አጥፋ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችና ከሴቶቹ መካከል ገብታ ተቀመጠች። ሙሾ ከመካከሉ ሲቆረጥ ያየ ሰው እዚያ ድንኳን ውስጥ አልነበረም። ደረታቸውን ሲደቁ የነበሩት እጃቸውን የሚያሳርፉበት ጠፋቸው። አንድ ሰው ሳለ፤ ንፍሮ የያዘው ሳሕን ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር።

የሻው ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ያደረግሁት ለሰብለ ወንጌል ብዬ ነው ሲል ራሱን አሳመነ። ንግድ ፈቃዱ ወደ እሷ መዞሩ አይቀርም፤ የእናቷ ገቢ ተደብቋል ከተባለ ቅጣቱ የሚወድቀው በእሷ ላይ ነው። ይህ እውነት ነበር፣ ግን ግማሹ። ሌላው ግማሽ አቶ አዳነ ከተማሪዎቹ መካከል ጎበዞቹን መርጠው ለሥራ እንጠቁማለን ማለታቸው ነበር። ይህንኛውን ግማሽ ለራሱም አልነገረውም።

የሻው ጎንደር ከተማ፣ ማራኪ ሰፈር፣ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ይኖራል። እሑድ እሑድ በሚኒባስ አዘዞ ወርዶ አክስቱ ቤት ይበላ ነበር። ቤቱ አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ድንጋይ ጫኙ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው፣ ዳዊቱን በብብቱ የያዘው የአብነት ተማሪ፣ ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ሽሮና ምስራቸውን ይበላሉ። የትነበርሽ ከምድጃ ወደ ገበታ ስትመላለስ ትቆይና ሰው ሊወጣ ሲነሣ ደጃፉ ላይ ትቆማለች። ሒሳብ በገበታ ላይ አትቀበልም፤ ሲወጡ ጨብጦ ማስያዝ ነው የቤቱ ልማድ። ለሁሉም «ያክብርልኝ» ትላለች። የሻው ጥግ ላይ ተቀምጦ እየጎረሰ የተማረውን በልቡ ይሠራ ነበር፤ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሰው፣ በቀን ይህን ያህል ጊዜ፣ በሳምንት እንዲህ ያለ ገንዘብ። አክስቴ ሀብታም ናት ብሎ ደመደመ። ይህም ደስ ይለው ነበር፤ ሀብታም ዘመድ ማን ይጠላል?

ሐምሌ መጣ። ተማሪዎቹ በቀበሌው አዳራሽ ጠረጴዛ ደርድረው፣ በጎ ፈቃደኛ የሚል የታተመበት ሰደርያ ለብሰው ተቀመጡ። ጉሊት ቸርቻሪው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ጫማ ሰፊው ተራ በተራ እየመጣ፣ በቀን ስንት ትሸጣለህ ሲባል ያቃስታል። ገበያው ሞቷል፣ ልጅ ታሞብኛል፣ የቤት ኪራይ ጨምሯል፤ ዱሮ አትራፊ ነበር የተባለው ሁሉ ያለቅሳል። ሐምሌ ሲገባ ጎንደር ውስጥ ሀብታም አይገኝም እያሉ ተማሪዎቹ በምሳ ሰዓት ይሳሳቁ ነበር። የሻውም የተባለውን እየጻፈ በከንፈሩ ጫፍ ፈገግ ማለትን በጥቂት ቀን ተማረ።

የትነበርሽ የመጣችው ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ነው። የወንድሟ ልጅ ጠረጴዛ ይዟልና ሰልፉን ዘልላ መግባት ትችል ነበር፤ አላደረገችውም። ተራዋን ቆማ ጠበቀች፤ ከኋላዋ ላለችው ሴትዮም ያ ሸጋው ልጅ የወንድሜ ልጅ ነው ስትል የሻው ሰምቷል። ተራዋ ደርሶ ስትቀመጥ በቀን የምትሸጠውን ሳታቃስት፣ ሳታለቅስ፣ በግልጽ ነገረችው። ቁጥሩ የቡና ጠጡ ኪዮስክን እንኳ አያህልም። የሻው በልቡ የእሑዱን ገበታ አየና ያቺ ፈገግታ መጣችበት። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለ።

«አክስቴ፣ ግድ የለም፣ እኔ አለሁልሽ። ያልሽውን እጽፋለሁ» አለና ጠቀሳት። «ሁሉም እንደዚሁ ነው የሚያደርገው።»

«እንደምን ነው የሚያደርገው?»

«ያው… ትንሽ ቀነስ ነዋ።»

የትነበርሽ ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ከኋላዋ ሰልፉ ይገፋፋል። «እንግዲያውስ አንተ የምታውቀውን ጻፍ» አለችው።

እሱ ሳቀና የነገረችውን ጻፈ። ውለታ የዋለላት መሰለው። ፈረመችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ከቤቷ ሲወጣ ሁሉ የምትመርቀው ሴት ያን ቀን ሳትመርቀው ሄደች፤ እሱ ግን ይህን ልብ ያለው ዛሬ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት እሑዶች ሥራ በዛብኝ ብሎ አልወረደም። ከዚያም ደም ግፊቷ ተነሣ፣ ሰውም ሳታስቸግር አረፈች።

የድብ ባሕር ለቀስተኞች የጭነት መኪና ተከራይተው በማግሥቱ ደረሱ። ገና ከመንገዱ ሳሉ «እህቴ፣ ወይ እህቴ» የሚለው የአባቱ የአድማሴ ድምፅ ይሰማ ነበር። የሀገር ቤት ለቀስተኛ ሲመጣ አልቃሿ ከድንኳኑ ብድግ ብላ፣ የሟቹን ልብስ ይዛ፣ በግጥም ትቀበለዋለች። እሱም ያን ሰምቶ ሆዱን ያወጣል። ወጉ ይህ ነው። አድማሴ ጭቃ የነካው ጋቢውን አጣፍቶ ከመካከል ቆመና ጠበቀ። ትርንጎ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ሴቶቹ መሬት መሬቱን ያያሉ። ሽማግሌው እጁን አንጠልጥሎ፣ የሚቀበለው አጥቶ፣ በሰው ፊት ቆሞ ቀረ።

«ምነው?» አለ በመጨረሻ። «እህቴ ሰው አልነበራትም?»

አንድ የእድሩ ሽማግሌ ክንዱን ይዞ አስቀመጠው።

የሻው ቆይቶ አባቱን ከድንኳኑ ጀርባ ወስዶ ነገሩን አስረዳው። የግብር ሰው እዚህ ይመጣል፣ ሀብቷ በሙሾ ሲነገር ከሰማ መዘዝ አለው አለ። አድማሴ ሞትም ግብር አለው ወይ ብሎ ጠየቀ። ልጁ፣ የለውም፣ መዘዙ ገቢዋን አሳንሳ ስላስመዘገበች ነው አለ። ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደረገው ለአባቱ አዝኖ ነበር።

«የትነበርሽ ዋሸች?» አለ አድማሴ።

«አባ፣ ሁሉም ይዋሻል።»

አድማሴ ልጁን እንደ ባዳ አየው። ያስተማረው በግ ሸጦ፣ ጤፍ ሸጦ ነው፤ የተማረ ሰው ደግሞ የሚያውቀው አለ። ጋቢውን እስከ ዐይኑ ድረስ ስቦ ተከናነበና ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ሊያጽናናው የመጣውን ሁሉ ቀና ብሎ አላየውም። የሻው አባቱን እንዲህ አንገቱን ደፍቶ አይቶት አያውቅም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የለቅሶ ቤት ሐሜት ግን ባለቤቱ እግር ሥር ነው የሚበቅለው። አንዷ ሙሾውን ያስቆሙት በውርስ ተጣልተው ነው አለች። ሌላዋ የለም፣ የነፍስ አባቷ ከልክለው ነው፣ ያልተናዘዘችው ነገር አለ አለች። ሦስተኛዋ ደግሞ ገንዘብ ቀብራለች አሉ፣ ቦታው ሳይታወቅ ስሟ እንዳይነሣ ነው ስትል፣ ሻይ የሚቀዳው የሻው ከኋላዋ ቆሞ ነበር። የሻው አፈረ። ያፈረው ግን ገና በአክስቱ ነበር፤ ያን ገንዘብ ምን አደረገችው ብሎ እሱም አስቧልና።

በሠልስቱ ጠዋት ሰብለ ወንጌል ጓዳ ውስጥ ለፍትሐቱ መልስ የሚሆነውን ወጥ ታማስል ነበር። ጭልፋውን ሳታቆም፣ ትርንጎን አንተ ነህ አሉ ያስቆምካት አለችው። የሻው አልካደም። ለአንቺ ብዬ ነው ሲል ጀመረና ስለ ቅጹ፣ ስለ ንግድ ፈቃዱ፣ ስለ አቶ አዳነ በዝርዝር ነገራት።

«እናቴ የነገረችህን ነው የጻፍከው?» አለችው።

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሃል?»

«ሰብለ፣ ቤቱ ሞልቶ እያየሁት…»

ጭልፋውን ድስቱ አፍ ላይ አጋደመችው። «ያን ቀን ከቀበሌ መጥታ ራት አልበላችም። የሻው ቀጣፊ መሰልኩት አለችኝ። ነገሩን ለምን አታስረጅውም ብላት፣ የሰው ገመና ነው አለችኝ።»

«የማን ገመና?»

«እሷ ያልነገረችህን እኔ አልነግርህም» አለችና ድስቱን አውርዳ ወጣች።

የሻው እዚያው ቆሞ ቀረ። ምኑም አልገባውም፤ አንድ ነገር ግን ገባው። አክስቱ በእሱ አዝና ነው የሞተችው። ከፍትሐቱ ሲመለሱ ከሰው ኋላ ኋላ ሄደ፤ ማንም ባያየው ደስ ባለው።

ዝናቡ አባርቷል። ሰው ምሳውን ይዞ በየአግዳሚው ተቀምጧል። አቶ አዳነ እንደገና መጥተው ነበር፤ ዐይናቸው ቦታ ሲፈልግ የሻውን አገኘና ከጎኑ ገብተው ተቀመጡ። የሻው ሳሕኑን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ስለ ቅጹ ሊጠይቁኝ ነው ብሎ ጠበቀ።

«ያቺ አልቃሽ እኔ ስገባ ምነው ዝም አለች?» አሉ አቶ አዳነ። «ከዚያ ወዲህም አላለቀሰችም አሉኝ።»

«ደክሟት ነው።»

«ያሳዝናል። የእትዬ የትነበርሽን ሙሾ ልሰማ ነበር የመጣሁት።»

ትንሽ ጎረሱ። ከዚያ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ሳሕናቸውን እያዩ፣ ስለ ራሳቸው ይነግሩት ጀመር። የተወለዱት ጭልጋ ነው፤ አዘዞ የመጡት ለትምህርት ነበር። ስንቅ ከቤት ይላክላቸዋል። ስንቁ ሲያልቅ ጓደኛቸው ወደዚህ ቤት አመጣቸውና በሉ። የሚከፍሉት ግን አልነበራቸውም።

«በሩ ላይ ሰው ሁሉ ሲጨብጣት አየሁ። ምን ላድርግ? እኔም ባዶ እጄን አስጨበጥኳት። እጇን እንደ ሌላው ጊዜ ሁሉ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከታ፣ ያክብርልኝ አለችኝ። ከኋላዬ የነበረው ሰው የከፈልኩ ነው የመሰለው። በማግሥቱም መጣሁ። ትምህርቴን እስክጨርስ በዚህ በር ስገባና ስወጣ ኖርኩ።»

የሻው ወደ እሳቸው ዞረ። «ከዚያስ?»

«ሥራ ይዤ ልከፍላት መጣሁ። እኔ ብቻዬን ነበር የሚመስለኝ። ኧረ አንተ ልጅ፣ ከስንታችሁ የማንን አስታውሳለሁ፣ እጄን አላይም እኮ አለችኝ። ይህ ሁሉ ቤት ሙሉ ሰው ማን ከፍሎ ማን ሳይከፍል እንደሚወጣ እሷም አታውቅም። እንዳታውቅ ብላ ነው በር ላይ የምትቀበለው።»

ከዚያ አቶ አዳነ ፈገግ አሉ። የእትዬ የትነበርሽ ቅጽ ጠረጴዛቸው ላይ ሲደርስ፣ ባልደረቦቻቸው ይህ ቤት ሁልጊዜ ሙሉ ነው፣ ይጣራ ብለው እንደነበር፣ እሳቸው ግን ቤቱን ከሞሉት አንዱ ስለነበሩ እውነት መሆኑን እንደመሰከሩ ነገሩት።

«ከግርጌው ያንተን ስም አየሁ» አሉ። «ሌላ ልጅ ቢሆን ቤቱን አይቶ አያምናትም ነበር። ይኸኛው ሰው ያምናል፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው ነው አልኩ። ለሥራው ያቀረብኩት ያንተን ስም ነው።»

የሻው አቀርቅሮ ጣቶቹን ያይ ነበር። ቢሰድቡት በቀለለው። ዝም ቢል ነገሩ ያልፋል፤ ሥራውን ያገኛል፣ ሰው የሚያምን ልጅ ተብሎ ይኖራል፣ የሚያውቁበትም ሰብለ ወንጌልና አንዲት የሞተች ሴት ብቻ ናቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ለማለት ቆርጦም ነበር። ቀና ሲል ግን ፊት ለፊት አባቱን አየ። አድማሴ እህቱ የምታፍርበት ነገር ሠርታ የሞተች መስሎት፣ ጋቢውን እስከ ዐይኑ ተከናንቦ፣ የቀረበለትን እንጀራ ሳይነካ ተቀምጧል።

ሳሕኑን አግዳሚው ላይ አድርጎ ተነሣ። በሰው ሁሉ መካከል አልፎ ትርንጎ ፊት ቆመና ሙሾውን እንድትጀምርለት ለመናት።

ትርንጎ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። «ሙሾ እንደ ወጥ አይሞቅም ልጄ። የማውቀውን ሳለቅስ አስቆምከኝ። እኔ ያየሁት ሰው ሲገባና ሲወጣ ነው፤ ሰው ካለ ብር አለ ብዬ ገጠምኩ። ሌላ ምን አውቄ? አንተ የምታውቀው ካለ ንገረኝና ልግጠመው።»

«ልንገርዎት» አለና በጆሮዋ ሊነግራት ጎንበስ አለ።

«በጆሮማ ያስቆምከኝ ቀን ነግረኸኛል» አለች።

የሻው ቀና አለ። ወዲያ አቶ አዳነ፣ ወዲህ አባቱ አሉ፤ ሁለቱንም ላለማየት ድንኳኑን የያዘውን ግንድ እያየ ተናገረ። ሙሾውን ያስቆመው ቤተሰቡ አይደለም፣ እኔ ነኝ አለ። አክስቱ ገቢዋን እንደነገረችውና እንደጻፈው ተናገረ።

«የነገረችኝ እውነቷን ነበር። እኔ አላመንኳትም። ውሸት መስሎኝ፣ ውለታ ልዋልላት ብዬ ጻፍኩት። ስሜ ያለው እዚያ ላይ ነው። አባቴንም እህትህ ዋሽታለች አልኩት። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ሰው ሁሉ መጉረሱን አቆመ። ድምፁ እየተቆራረጠ የቀረውን ጨረሰው። ይህ ቤት ሁልጊዜ ሙሉ የነበረው ምግቡ ስለሚሸጥ ብቻ አይደለም፤ በዚያ በር ላይ ባዶ እጁን አስጨብጦ የወጣ ብዙ ነው፤ ማን ማን እንደሆነ እሷም አላየችም አለ። የማንንም ስም አልጠራም። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ የፊት የፊቱን ያይ ነበር፤ ጎረቤቱን ዞር ብሎ ያየ ሰው አልተገኘም። ከወንዶቹ ወገን አንድ ሰው አፍንጫውን ሲጠርግ ተሰማ፤ ወዲያው ሌላው ተከተለ።

ትርንጎ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧን ታጠቀች። «ልብሷን አምጡልኝ» አለች።

የበዓል ቀሚሱ እዚያው አግዳሚ ላይ ነበር። ሰብለ ወንጌል አልፋው ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የያዘችው ከምድጃው በላይ ከሚስማሩ ላይ ያወረደችውን ሽርጥ ነው፤ ወጥ የነካው፣ ገና ያልታጠበ፣ የኪሱ አፍ በእጅ ብዛት የነተበ። ለትርንጎ አልሰጠቻትም። የሻው እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«አንተ ያዝላት» አለችው።

ልብስ የሚያነሣ የቅርብ ሰው ነው፤ የተማረ ልጅ በአደባባይ ሽርጥ ሲያነሣ ደግሞ ታይቶ አያውቅም። የሻው ሽርጡን በሁለት እጁ ይዞ ከራሱ በላይ አነሣው። የሽንኩርትና የበርበሬ ሽታ ፊቱ ላይ ወረደ። ያን ጊዜ ትርንጎ ጀመረች።

ያለውም የሌለው ሲወጣ ባንድ በር፣
እጇ ይዞት ሄደ የሁሉን ምሥጢር።

ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ተቀበሏት። አድማሴ ጋቢውን ከፊቱ ላይ ገፎ ተነሣና መካከል ገባ። «እህቴ፣ እህት ዓለም» እያለ ደረቱን ደቃ። የሀገር ቤቶቹም ተከትለውት ገቡ። ትርንጎ አንዱን ግጥም ሳትጨርስ ሌላውን ታነሣለች። አቶ አዳነ ከአግዳሚው ተነሥተው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ከለቀስተኛው ጋር ቆሙ። የሻው ምን ይሉኝ ይሆን ብሎ አላሰበም፤ ሊያያቸውም አልቻለም፤ ዐይኑ ሞልቶ ነበር።

ልቅሶው ረዘመ። ክንዱ ዝሎ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከድብ ባሕር ከመጡት ዘመዶቹ አንዱ አይቶ አዘነለትና ሽርጡን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። የሻው ራሱን ነቀነቀ፤ ዝቅ ብሎ የነበረውንም ሽርጥ መልሶ ከፍ አደረገው።